ማንም ያላየው ቁም ሳጥን

ጥያቄ፦ «አንድ ጓደኛዬ የድሮ የአሜሪካ ሬዲዮ ኮሜዲዎች የተጫኑበት ፍላሽ ሰጠኝ። ሁሉም የቤት ውስጥ ቀልዶች ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ ልጆች፣ ጎረቤት። ከተሠሩ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ያን ዘመንም ያን አገርም አላውቅም። ግን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ጓደኛዬ የድሮ ነገር ሁሉ ስለሚናፈቅ ነው ይላል። ወንድሜ ደግሞ ሳቁ በማሽን የተጨመረ ነው፣ አንተ ላይ ተጋብቶብህ ነው ይለኛል። ደስ ብሎኝ በአንድ ሌሊት አሥር ክፍል ሰማሁ፤ በማግስቱ ሰለቸኝ። ችግሩ የኔ ነው ወይስ የቀልዱ? በቴሌቪዥን የተሠሩትን ባይ ይሻለኛል? ከየቱ ልጀምር?»

ምላሽ፦ በቅድሚያ የወንድምዎን ነገር እናጥራ። የሰሙት ሳቅ የሰው ሳቅ ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ትልልቆቹ ጣቢያዎች፣ ኤንቢሲና ሲቢኤስ፣ ቀድሞ የተቀረፀ ዝግጅት በኔትወርካቸው ማስተላለፍ አይፈልጉም ነበር። ኮሜዲው በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ስቱዲዮው ውስጥ ወንበር ይደረደራል፣ ቲኬት የያዘ ሰው ይቀመጣል፣ ተዋንያኑ ወረቀታቸውን ይዘው ማይክሮፎን ፊት ይቆማሉ። የአገሪቱ ምሥራቅና ምዕራብ የሦስት ሰዓት ልዩነት ስላላቸው ብዙዎቹ ዝግጅቶች ለምሥራቁ ከተላለፉ በኋላ ለምዕራቡ እንደገና ከመጀመሪያው ይሠሩ ነበር። ያው ቀልድ፣ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ተመልካቹ ካልሳቀ ዝም ነው፤ የሚያድን ነገር የለም። የሳቅ ማሽን የሚባለውን ቻርለስ ዳግላስ የሠራው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እሱም ለቴሌቪዥን።

ወንድምዎ ግን ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። በ1946 ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ ዝግጅቱን ቀድሞ በዲስክ እየቀረፀ ኤቢሲ በተባለው ሌላ ጣቢያ ማስተላለፍ ጀመረ። በዓመቱ ወደ ቴፕ ተዛወረ። ቴፕ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። የቀረፃ ባለሙያው ጃክ ሙሊን ከአንዱ ዝግጅት የተረፈ ሳቅ ቆርጦ ሌላ ደከም ያለ ዝግጅት ላይ እንደለጠፈ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ከ1947 ወዲህ በቴፕ የተሠራ ነገር ሲሰሙ ቢጠራጠሩ አልፈርድብዎትም። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ይመኑት።

ሳቅ ይጋባል መባሉም ልክ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ ቢሆን ተመልካች የሌለበት ኮሜዲ ማንንም ባላሳቀ ነበር። እንዲህ ያለ አለ፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የጓደኛዎ መልስ ደግሞ ከወንድምዎም ይልቅ ደካማ ነው። ትዝታ ለኖረበት ሰው ነው። እርስዎ እዚያ ሳሎን ውስጥ አልተቀመጡም፣ እናትዎ ያን ሬዲዮ አልከፈቱትም። የሚናፍቁት ነገር የለም። ቀልዶቹ የተሠሩ ዕለትም ያስቁ ነበር፤ ያን ዕለት ማንም ናፍቆት አልነበረበትም። ስለዚህ ምክንያቱን መፈለግ ያለብን ከቀልዱ አሠራር ውስጥ ነው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ፊበር ማክጊ እና ሞሊ ይባላል። የሚጫወቱት ጂም ጆርዳንና ማሪያን ጆርዳን ናቸው፤ ከፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ የመጡ፣ በእውነትም ባልና ሚስት የሆኑ። በኤንቢሲ የጀመረው በኤፕሪል 1935 ነው፤ ደራሲው ዶን ክዊን። ታሪኩ አንድ ቤት ውስጥ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ያልቃል። አድራሻው ዊስትፉል ቪስታ ቁጥር 79። ፊበር ጉረኛ ነው። ሁሉን አውቃለሁ ባይ። አንድ ነገር ልጠግን ብሎ ይነሣል፣ ያበላሸዋል። ጎረቤት ይገባል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይወጣል። ሌላው ያንኳኳል። ሞሊ ሁሉንም ታያለች፣ ትታገሣለች፣ አንዳንዴ በአንድ ቃል ታስተነፍሰዋለች። በቃ። ሴራ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል።

ቤቱ ውስጥ ግን ቁም ሳጥን አለ። ፊበር አንድ ዕቃ ይፈልጋል። እዚያ ውስጥ ነው ይላል። ሞሊ እንዳይከፍት ትጮኻለች። እጀታው ይንቋቋል። ከዚያ መውረድ ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ከባድ ነገር። ቀጥሎ ቆርቆሮው፣ እንጨቱ፣ ምን እንደሆነ የማይለይ ግተልተል ሁሉ። እየሳሳ ይመጣል። አለቀ ሲሉ አንድ የዘገየ ዕቃ ይወድቃል። ጸጥ ይላል። ከጸጥታው በኋላ አንዲት ትንሽ የእጅ ደወል ቅጭል ትላለች። ፊበርም አንድ ቀን ይህን ቁም ሳጥን ማስተካከል አለብኝ ይላል። አያስተካክለውም።

ይህ ቀልድ ማርች 5 ቀን 1940 ከተላለፈው ክፍል ወዲህ የዝግጅቱ መለያ ሆነ። እኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ደወሏ ጋ ስደርስ አሁንም እስቃለሁ። ለምን?

አንደኛው ነገር ደወሏ ራሷ ናት። ያ ሁሉ ውርጅብኝ መሬት ማዘጋጀት ነው። ጆሮ ትልቁን ከሰማ በኋላ ይደነዝዛል፤ ጸጥታው ያሳርፈዋል፤ ያን ጊዜ ትንሿ ትመጣለች። ደወሏን አውጥታችሁ ብትሰሙት ዕቃ የመውደቅ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ድምፁን የሚሠራው ባለሙያ ከተዋንያኑ አጠገብ ቆሞ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ፣ ዕቃውን በእጁ እያወረደ ነው። አንድ ትንፋሽ ቢፈጥን ቀልዱ ይሞታል። ቢዘገይም እንደዚያው።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ቁም ሳጥኑን ማንም አላየውም። ውስጡ ያለውም ተዘርዝሮ አያልቅም። ተማሪዎችን ስለ ድምፅ ድራማ ሳስተምር ይህን ክፍል አሰማቸውና የቤቱን ካርታ ሳሉ እላለሁ። ሁሉም ሳያመነታ ይስላል። በሩ የት እንደሆነ፣ ቁም ሳጥኑ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ሞሊ የት እንደተቀመጠች። የሁለት ሰው ስዕል አንድ ሆኖ አያውቅም። ትንሽ ስንነጋገር ደግሞ ብዙዎቹ የሳሉት ያደጉበትን ቤት ሆኖ እናገኘዋለን። የሚወድቀው ዕቃም የራሳቸው ቤት ዕቃ ነው። ድምፁን የሰጠው ስቱዲዮው ነው፤ ቤቱን የሠራው አድማጩ። ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ቤት እንዴት ይጠላል?

ሦስተኛው ቁጠባ ነው። ዶን ክዊን ቁም ሳጥኑን በየሳምንቱ አላስከፈተውም። ከሁለት ተከታታይ ሳምንት በላይ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሲመጣም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ አይመጣም። አንድ ጊዜ ቤቱ ሌባ ይገባል። ፊበር ቁም ሳጥኑን ሌባው ራሱ እንዲከፍተው ያታልለዋል። ሌባው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። አድማጩ ግን ያውቃል! በሩ ሳይከፈት ነው ሳቁ የሚጀምረው። እዚህ ጋ ነው እኔ የዚህ ሁሉ ኮሜዲ ምስጢር አለ የምለው። የቤቱን ጉድ የሚያውቅ ሰው እንግዳ አይባልም፤ ቤተኛ ነው። እርስዎም አገሩን ሳያውቁ የሳቁት ለዚህ ይመስለኛል። አሜሪካን ማወቅ አልጠየቁዎትም፤ አንድ ቤት ነው የሰጡዎት።

የቴሌቪዥኑ ጥያቄዎ መልስ ከዚሁ ይወጣል። በ1959 ፊበር ማክጊ እና ሞሊ በሌሎች ተዋንያን ለቴሌቪዥን ተሠራ። ዓመቱን ሳይጨርስ ተቋረጠ ማለት ይቻላል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀለት። ቁም ሳጥኑ ሲታይ አንድ ቁም ሳጥን ብቻ ይሆናል። ሁሉም ዝግጅት እንዲህ ይከሽፋል ማለቴ አይደለም። ተዋናይቷ ሉሲል ቦል ከ1948 እስከ 1951 በሲቢኤስ ሬዲዮ የሠራችው የባልና ሚስት ኮሜዲ ለታዋቂው የቴሌቪዥን ሥራዋ መንገድ ጠርጓል፤ እሷ ግን ቀልዷ ፊቷና ሰውነቷ ላይ ስለነበረ ካሜራው ጠቀማት። ለጆሮ የተሠራውን በጆሮ ይስሙት።

ከድምፅ ሌላ ዝምታም አለ፤ እሱን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጃክ ቤኒ የሚባለው ኮሜዲያን በሬዲዮ ለሃያ ዓመት ያህል ራሱን ቆንቋና አድርጎ ሲጫወት ኖሯል። ማርች 28 ቀን 1948 በተላለፈው ክፍል ወደ ቤቱ ሲሄድ ዘራፊ ያስቆመዋል። ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን ይለዋል። ቤኒ ዝም። ሰው መሳቅ ይጀምራል። ዘራፊው በቁጣ ይደግምለታል። ቤኒ እያሰብኩበት ነው ብሎ ይጮኻል። ዝምታው ውስጥ አንድም ቃል የለም። የሞላው አድማጩ ለዓመታት ባጠራቀመው ዕውቀት ነው። ዛሬ ይህን ክፍል ብቻ ነጥሎ የሰማ ሰው ፈገግ ይላል። ሃያ ክፍል ሰምቶ የደረሰበት ሰው ግን ጥርሱን መክደን ያቅተዋል።

በእንግሊዝም ይህን በደንብ የገባቸው ነበሩ። የቢቢሲ ሬዲዮ ኮሜዲያን የነበረው ሃንኮክ፣ ከደራሲዎቹ ከሬይ ጋልተንና ከአለን ሲምፕሰን ጋር፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1958 ስለ አንድ የእሑድ ከሰዓት የሚያወራ ክፍል አቅርቧል። ዝናብ ይዘንባል። የሚሠራ ነገር የለም። ሃንኮክና ጓደኞቹ ቤት ተቀምጠው ያዛጋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ስንት ሰዓት ነው ይባባላሉ። ድብርት ራሱ ቀልድ ሆነ። ይህን ማንም የትም ያለ ሰው ኖሮታል።

ተመልካች የሌለው ያልኩት ቪክ እና ሴድ ነው። ለኔ ከሁሉም የላቀው እሱ ነው። ከ1932 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ከቺካጎ በኤንቢሲ ተላልፏል። በሳምንቱ የሥራ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ። ፖል ራይመር የሚባል አንድ ደራሲ ብቻውን ይጽፈው ነበር። ሳቅ የለም። ጭብጨባ የለም። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ኋላ ላይ ደግሞ አንድ አጎት። ቪክ የወጥ ቤት ዕቃ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሴድ ልብስ ታጥፋለች ወይም ድንች ትልጣለች። ያወራሉ። የሚያወሩት በዋናዎቹ ዓመታት ድምፃቸው ተሰምቶ ስለማያውቅ ሰዎች ነው። ለምሳሌ ሪሺጋን ፊሺጋን የሚባል ሰው አለ፤ አገሩ ሲሺጋን፣ ሚሺጋን። ያገባት ሴት ጄን ቤይን ናት፤ እሷ ደግሞ ከፔይን፣ ሜይን። ይህን ስም ቤተሰቡ ኮስተር ብሎ ነው የሚጠራው። ማንም አይስቅበትም፤ ይህ የተለመደ ስም ነው። የሚስቀው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ከማን እንደተጋባብዎት ወንድምዎ ይንገርዎት።

ከ3,500 በላይ ክፍሎች ተላልፈው ዛሬ በድምፅ የሚገኙት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ዲስኮቹን ያስቀመጡት ሰዎች ዋጋ ያለው ነገር ይዘናል ብለው አላሰቡም፤ አብዛኛው ተጣለ። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

የቤቱ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ኮሜዲያኑ ጆርጅ በርንስና ግሬሲ አለን ምስክር ናቸው። ከ1926 ጀምሮ ባልና ሚስት ሆነው ሳለ በሬዲዮ ግን ለዓመታት እንደሚሽኮረመሙ ወጣቶች ይጫወቱ ነበር። በ1940ዎቹ መግቢያ አድማጫቸው መሸሽ ጀመረ። በርንስ ምክንያቱን አገኘው፤ ሰው ሁሉ መጋባታቸውን፣ ልጅም እንዳላቸው ያውቃል። ወዲያው በሬዲዮም ባልና ሚስት ሆኑ። ቤት ገቡ፣ ጎረቤት መጣላቸው፣ አድማጩም ተመለሰ።

አሁን መሰልቸትዎ። ችግሩ የእርስዎም የቀልዱም አይደለም፤ የአሰማሙ ነው። እነዚህ ዝግጅቶች አብዛኞቹ የተጻፉት በሳምንት አንድ ምሽት፣ ግማሽ ሰዓት፣ ለ39 ሳምንት ያህል እንዲሰሙ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ሳምንት የሥራው አካል ነው። ቁም ሳጥኑን ትንሽ ይረሱታል፣ ሲንቋቋ ትዝ ይልዎታል። አሥሩን በአንድ ሌሊት ሲሰሙ የሚሰሙት ስፌቱን ነው። ያው በር መንኳኳት፣ ያው አገባብ፣ ያው ጭቅጭቅ። ሰው ቤት በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ አይኬድም።

ማስታወቂያውንም አይዝለሉት። በፊበር ማክጊ ቤት የወለል ሰም የሚያስተዋውቀው ሃርሎው ዊልኮክስ እንደ ማንኛውም እንግዳ በር አንኳኩቶ ይገባል፣ ወሬውን ቀስ አድርጎ ወደ ሰሙ ያዞረዋል። ፊበር ይነቃበታል፣ ይበሳጫል፣ ይዘልፈዋል። ከቀልዶቹ ሁሉ ሳይጠወልጉ የቆዩት እነዚህ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ከባድ ነው። በዚያ ዘመን ሬዲዮ በሌላው ዘር አነጋገር መቀለድ የተለመደ ነበር። ከፊበር ማክጊ ቤት የወጣችው ቢዩላ የምትባል ጥቁር የቤት ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ የነጭ ወንድ ድምፅ ነበረች። ማርሊን ኸርት የሚባለው ተዋናይ ለተመልካቹ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆምና ዘወር ብሎ በሴት ድምፅ ሲናገር ስቱዲዮው በሳቅ ይናጋል። ቤት ያለው አድማጭ ግን ምን እንዳሳቃቸው አያይም። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ከመጠን ያለፈ፣ ከቀልዱ ጋር የማይመጣጠን ሳቅ ከሰሙ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው። በ1947 ሚናውን ሃቲ ማክዳንኤል ወሰደችው፤ ጥቁር ሴት በኔትወርክ ሬዲዮ ኮሜዲ ዋና ተዋናይ ስትሆን እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ገጸ ባሕርይዋ ግን ያው የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ቀጠለች። ይህን እንደ ዘመኑ ነውር አድርገው ይስሙት፤ ወይም ይለፉት። ውበቱ እንዳይበላሽብዎ ብለው አይሸፋፍኑት።

ሚስት ላይ የሚሠራው ቀልድም አብዛኛው አርጅቷል። ግሬሲ አለንን ግን ከዚያ ውስጥ አልከታትም። ጅል አይደለችም፤ የራሷ ሕግ ያለው አስተሳሰብ አላት፣ ግራ የሚጋቡት ሌሎቹ ናቸው።

የወቅት ጉዳይ ያለባቸውን ክፍሎች በኋላ ይስሟቸው። ዲሴምበር 1 ቀን 1942 አሜሪካ ውስጥ ቤንዚን በመላ አገሪቱ በራሽን መታደል ጀመረ፤ የዚያኑ ዕለት ፊበር በሳምንት አራት ጋሎን ብቻ ተሰጠኝ ብሎ ሲነጫነጭ ይሰማል። ዘመኑን ለሚያውቅ ሰው ግሩም ነው። ለጀማሪ ግን ደረቅ ይሆናል። እንግሊዝኛ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ከሆነም በቃላት ጨዋታ ላይ የቆመውን ለጊዜው ያቆዩት። ድምፅ፣ ዝምታና ጠባይ ላይ የቆመው ቶሎ ይገባል።

ስለ ቅጂው ጥራት፦ ድምፁ ቀጥኖ ወይም ተጣድፎ ከመጣ በተሳሳተ ፍጥነት የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቅጂ ይፈልጉ። የሚንሾካሾከውን የጀርባ ድምፅ ለማጥፋት ግን በማጽጃ ፕሮግራም አይሞክሩ። ማጽጃው ትንሿን ደወል ከጫጫታው አይለያትም፤ አብሮ ይበላታል። አፍጥኖ ማጫወትም እንዲሁ። ዝምታውን ከሰረቁት ምንም አልሰሙም።

ከየቱ ልጀምር ላሉት ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ። ከ1940 እና ከ1941 የመጀመሪያ አጋማሽ የፊበር ማክጊ ክፍሎች ይጀምሩ። ቁም ሳጥኑ አዲስ ነው፤ ጎረቤቱ ጊልደርስሊቭም ገና የራሱን ዝግጅት ይዞ አልወጣም፤ እሱ የሚወጣው በኦገስት 1941 ነው። የሁለቱ ጠብ ብቻውን ይበቃል። አንድ ምሽት ይምረጡና በዚያ ምሽት አንድ ክፍል ብቻ ይስሙ። በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስፒከር፣ ክፍሉ ውስጥ እንዲሞላ። ስልክዎን ያስቀምጡት፤ እጅዎ ልብስ ቢተኩስ ወይም ዕቃ ቢያጥብ ግን ችግር የለውም፣ ያኔም ሰው እንደዚያ ነበር የሚሰማው። ዓይንዎ ብቻ ሥራ አይያዝ። ከአራት ሳምንት በኋላ ቪክ እና ሴድን ይጨምሩ። እሱ አጭር ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምንም ላይመስሉዎት ይችላሉ፤ ይታገሡ። ጃክ ቤኒን ለመጨረሻ ያቆዩት፣ ሲጀምሩም ከዘራፊው ክፍል አይጀምሩ። ወንድምዎ ፈቃደኛ ከሆነ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ አብሮዎት ይቀመጥ፤ ይህ ነገር ለሁለት ሰው ይበልጥ ይመቻል። በሁለት ወር ውስጥ ካልጣማችሁ ተዉት።